ስምንት ኪስ

ሙለታ ሰው ቤት ሲገባ ወንበር አይመርጥም፤ ከሁሉ ደህናው የእሱ መሆኑን ያውቃል። ያን እሁድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብነት ሰፈር ያለችው የሎሚ ቤት ጎንበስ ብሎ ገባና፣ ከልብስ ስፌት መኪናው ፊት ያለውን ባለ መደገፊያ ወንበር ወደ ራሱ ጎትቶ ተቀመጠ። ሎሚ የምትሠራበት ወንበር ነው። ቤቱ ውስጥ ጀርባ የሚያሳርፍ ሌላ ወንበር ስለሌለ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልጅቷ አርባ ምንጭ አትሄድም» አለ፣ ሻይ እንኳን ሳይቀርብለት። «ነገሩን ጨርሼዋለሁ።»

ሙለታ የሟቹ ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሥራ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ አለው፦ ጋዋን፣ ቱታ፣ የተማሪ ዩኒፎርም። ጨርቁን እሱ ይልካል፣ ሎሚ ቆርጣ ሰፍታ ትመልሳለች። አንድ ልጇ ሴና የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ሎሚ እልል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስደንግጣ ነበር። ሙለታ ግን እልልታው ሳይበርድ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ ሄዶ ጠይቋል። ክፍያውን እሱ ይችላል። ልጅቷ ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ትቆማለች።

«ደመወዝ አላት?» አለች ሎሚ።

«የገዛ አጎቷ ሱቅ አይደል እንዴ! የምን ደመወዝ ነው?»

ሴና ጥግ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ሙለታ ወደ እሷ አልዞረም፤ ስለ እሷ ሲያወራ እሷን የማየት ልማድ የለውም።

«ረጋ ብለሽ አስቢ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መንግሥት አልጋና ምግብ ይሰጣታል እንበል። ሳሙናውስ? ፎቶ ኮፒውስ? የስልክ ካርዱ፣ የሴት ልጅ ጣጣው? በወር ስንት ልትልኪላት ነው? ከየትስ አምጥተሽ? በቁጥር አሳዪኝና እኔ ራሴ አውቶቡስ ላይ አሳፍራታለሁ።»

የመጨረሻዋን ባይናገራት ይሻለው ነበር። ሎሚ ለነገር የምትቸኩል ሴት አይደለችም። እልህ ከያዛት ግን የሚመልሳት የለም፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር እልህ ውስጥ አያስገባትም ነበር።

«የሚቀጥለው እሁድ ይምጡ» አለች። «በቁጥር አሳይዎታለሁ።»

ከዚያ እሁድ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሴና መሳፈር አለባት። ማክሰኞና ረቡዕ ምዝገባ ነው። ካለፈ አለፈ።

ሳምንቱን እናትና ልጅ በደብተር ላይ ሲጨቃጨቁ ከረሙ። ጭቅጭቁ የተገላቢጦሽ ነበር። ሌላ ቤት ልጅ ትጠይቃለች፣ እናት ትቀንሳለች፤ እዚህ ቤት ልጅ ትቀንሳለች፣ እናት ትጨምራለች።

«የልብስ ሳሙና በወር አንድ» ትላለች ሴና።

«ውሸት! ያ አገር ሙቀት ነው፤ ያልብሻል። ሦስት በይ።»

«ፓድ አንድ እሽግ።»

«ሁለት። ሰው ፊት እንድትሳቀቂ ነው?»

«መዝናኛ ዜሮ።»

«ለምን ዜሮ? መነኩሴ ሆነሽ ነው የምትሄጂው?»

ሦስተኛ ዓመት የደረሰችው የጎረቤት ልጅ መቅደላዊት ለክረምት መጥታ ስለነበር የፎቶ ኮፒውን፣ የባጃጁን፣ የአጎበሩን ዋጋ ነግራቸው ሄዳለች። ደምረው ቀንሰው፣ ተኳርፈው ታርቀው፣ በወር ሁለት ሺህ ብር ላይ ቆሙ። ከኅዳር እስከ ሰኔ ስምንት ወር፤ አሥራ ስድስት ሺህ።

የሎሚ ችግር የገቢዋ ጠባይ ነው። ነሐሴና መስከረም ዩኒፎርም ይጎርፋል፣ ብር ይገባል። ከዚያ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ የመስከረሙ ብርም እንደዋዛ ለዘይቱ፣ ለእድሩ፣ ለመብራቱ ሲባል ጥርን ሳያይ ያልቃል። ስለዚህ ከተረፈ ካኪ አንድ ረጅም ቁራጭ አወጣችና ላዩ ላይ ስምንት ኪስ በተራ ለጠፈች፤ በየኪሱ የወሩን ብር ከትታ አፉን በመኪና ልትዘጋው። ወር በገባ አንዱን ፈትታ ለሴና ትልካለች። የቀረውን ሰማይ ቢደፋ አትነካም።

«ባንክ አይሻልም?» አለች ሴና።

«ባንኩ ስልኬ ውስጥ ነው። በጣቴ ነካ አድርጌ አወጣዋለሁ። የገዛ ስፌቴን መፍታት ግን ያመኛል።»

እውነቷን ነው። የሰፋችውን ከምትፈታ ምሳ ብትዘል ትመርጣለች።

ግን የነበራት አሥር ሺህ ብር ብቻ ነው፤ ከተጀመረው ሥራ የምታገኘው ለቤት ኪራዩና ለዱቤው ቀድሞ ተይዟል። አምስቱ ኪስ ሞላ፤ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ባዶ ቀሩ። ቅዳሜ ሴና ወጣ ስትል ጠብቃ፣ ሎሚ ከጋዋኑ የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በብር ልክ አጣጥፋ ሦስቱ ኪስ ውስጥ ከተተችና ሁሉንም ሰፋችው። አፈረች፤ ቢሆንም ሰፋችው። እስከ ሚያዝያ እግዜር ያውቃል ብላ ራሷን አጽናናች።

እሁድ ሙለታ መጣ። ከወንበሩ በፊት ግድግዳው ሥር የተከመረውን ጋዋን ነካ ነካ አደረገ። መቶ ሃያ ጋዋን ነው፤ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ያዘዘው፣ ማክሰኞ ጠዋት የሚረከበው።

«አለቀ?»

«ቁልፉና የቁልፍ ቤቱ ብቻ ቀረኝ። ማክሰኞ በጠዋት ያገኙታል።»

«ጎበዝ። በይ ቁጥርሽን አሳዪኝ።»

ሎሚ ካኪውን ጭኑ ላይ ዘረጋችለት። በየኪሱ ላይ የወሩ ስም በቀይ ክር ተጽፏል። ሙለታ የኪሶቹን ሥርዓት አይቶ ከንፈሩን ወደ ታች ሳብ አደረገ፤ ሳይወድ መደነቁ ነው። ከዚያ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንድ በአንድ ይዳስስ ጀመር። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ሚያዝያ ላይ ጣቱ ቆመ። አንዴ አሸት አደረገው፣ ደገመው።

ሎሚ ያኔ ነው የሠራችው ጅልነት የታያት። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ በጣቱ እየዳሰሰ የኖረን ሰው በጨርቅ ልታታልል!

«ይሄ ቴትሮን ነው» አለ ሙለታ። «ነጭ ቴትሮን። የእኔው ጋዋን ትራፊ።» ግንቦትን ነካ፣ ሰኔን ነካ። «ይሄም። ይሄም።»

ሎሚ ፊቷ ተቃጠለ፤ መሬት ብትከፈትላት በገባች። ሙለታ በዚህ አላበቃም፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ደብተር አነሳ። ሴና ዘላ ልትቀማው ብትሞክር ክንዱን ወደ ላይ አደረገና መነጽሩን አስተካክሎ የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ።

«‹ከሚያዝያ ጀምሮ ነን ካፌ። ከምግቡ ገንዘብ ለእማዬ በወር አንድ ሺህ ሁለት መቶ።›» ቀና አለ። «ነን ካፌ ምንድን ነው?»

ሴና ደብተሩን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

«ምንድን ነው? ተናገሪ!» አለች ሎሚ።

«ግቢው ካፌ የማይበላ ተማሪ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል።»

«ከዚያ አንቺ ምን ትበያለሽ?»

«በቀን አንዴ እበላለሁ። ብዙ ልጆች ያደርጉታል።»

ሙለታ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ይኸውልሽ! ልጅሽ ራሷ ተርባ አንቺን ልታበላ ነው። ቁጥርሽ ይሄ ነው? ነገ ኮሌጁ ሄጄ አስመዘግባታለሁ።»

ሎሚ የሰማችው ግማሹን ነው። ጆሮዋ አንድ ሺህ ሁለት መቶው ላይ ቀርቷል። «ማን ለምኖሽ ነው?» ብላ ልጇ ላይ ጮኸች። «ማን ስለ እኔ ሆድ ጠየቀሽ?»

«አንቺማ አትጠይቂም!» ሴናም ጮኸች፤ እንባዋ እየወረደ። «አምና ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ እስኪያልቅ ‹ጾም ላይ ነኝ› እያልሽ ምሳ ትዘዪ ነበር። በሃምሳው ቀን የሚጾም ኦርቶዶክስ የት አለ፣ እማ? ሕፃን መሰልኩሽ?»

ሙለታ እንኳን ለአፍታ ዓይኑን ሰበረ። ረቡዕና አርብ እንኳን በማይጾምበት በሃምሳው ቀን መጾም! ሎሚ ይህን ውሸት ስትዋሽ ልጇ ቆጠራ ይዛ እንደነበር በሕልሟም አላሰበችም። አፈረች፣ ከዚያ ተናደደች፤ ንዴቷ ግን ልጇ ላይ ቦታ አጣ። ዓይኗ ዞሮ ዞሮ ግድግዳው ሥር ያለው የጋዋን ክምር ላይ አረፈ። አምና ሚያዝያም ስትሰፋ ነበር። ቁጭ ብላ አልነበረም የተራበችው።

«ጋሼ ሙለታ» አለች፤ ድምፅዋ ረጋ ብሏል። «ሪሀና አንድ ጋዋን በስንት እንደምትሰፋ ያውቃሉ?»

«የትኛዋ ሪሀና?»

«እዚሁ ከኔ ቀጥሎ ያለችው። በሁለት መቶ ብር ነው የምትሰፋው። ያንኑ ጨርቅ፣ ያንኑ ቅድ። እኔ ለእርስዎ በመቶ ሃያ እሰፋለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ ካወቅሁት።»

«እኛ እኮ ዘመድ ነን።»

«ነንና። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።»

ሙለታ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። «ወንድሜ የሞተ ጊዜ ሦስት ወር አስቤዛሽን ማን ቻለ? ማን ነበር አጠገብሽ?»

«እርስዎ ነበሩ። አልረሳሁም፤ እስክሞትም አልረሳውም። ግን ለሦስት ወር አስቤዛ አራት ዓመት ሰፋሁ፣ ጋሼ። አሁን ደግሞ ልጄን ሊጨምሩበት ነው? ይበቃል። ከዛሬ ጀምሮ በዘመድ ዋጋ አልሰፋም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው አሰፋለሁ!»

«ያሰፉ።» ሎሚ ተነስታ ከክምሩ አንድ ጋዋን አንስታ ፊቱ ዘረጋችው። ቁልፍ የለው፣ የቁልፍ ቤት የለው፣ ደረቱ ሁለት ላይ ተከፍሎ ተንጠለጠለ። «ይሄ መቶ ሃያ ጋዋን ነው። በአንዱ ሰማንያ ብር፤ ልዩነቱ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ። በቁጥር አሳዪኝ ብለዋል፤ ይኸው ቁጥሩ። ልጄን በዚህ ነው የማስተምራት። የእርስዎን ምጽዋት አልጠየቅሁም፤ የእጄን ነው የጠየቅሁት።»

ሙለታ ጋዋኑን አየ፣ ሎሚን አየ። የፋብሪካው ሰው ማክሰኞ ጠዋት ቆሞ ይታየው ጀመር። ነጋዴ ነውና ሒሳቡ ፊቱ ላይ ሲሠራ ይታያል። እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደ፤ ሊከፍላት ይዞት የመጣውን አሥራ አራት ሺህ አራት መቶ ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ቀሪውን ማክሰኞ» አለ።

«የቁልፍ ቤቱም ማክሰኞ ነዋ፣ እርስዎ ቀሪውን ካመጡ በኋላ።»

ሴና ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሙለታ ገላመጣት። ዛሬ ገና ዓይኗን ማየቱ ነው። ከዚያ እጁን ወደ ሌላው የኮቱ ኪስ ሰዶ ቀሪውን፣ እየቆጠረ፣ እያጉረመረመ፣ አንዱን ብር ሁለት ጊዜ እየፈተሸ አስቀመጠላት። ሲነሳ ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ምን ይዛ እንደምትመጣ እናያለን» አለ።

«ያያሉ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ እንገናኝ፤ እኔ ራሴ አሳፍራታለሁ ብለዋል።»

ሙለታ ወደ ደጅ አመራ። ደጃፉ ጋ ግን ቆመና ሳይዞር፣ «ስንት ሻንጣ ነው?» አለ።

«አንድ» አለች ሴና።

«አውቶቡሱ ጣራ ላይ እንዳይጭኑት፤ ውስጥ ይዘሽው ግቢ» ብሎ ወጣ።

ሎሚ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ መቀሱን አንስታ የሦስቱን ኪስ ስፌት ፈታች። የገዛ ስፌቷን ስትፈታ በሕይወቷ ሳያማት የቀረው ያኔ ብቻ ነው። ሴና ቁርጥራጩን አውጥታ ሚያዝያን፣ ግንቦትንና ሰኔን ሁለት ሁለት ሺህ ብር ሞላቻቸው።

«አሁን ያን መስመር ሰርዢ» አለች ሎሚ።

ሴና ሰረዘችው። «ቦታው ላይ ምን ልጻፍ?»

«አሳ ጻፊ።»

«አሳ?»

«ሐይቅ አለ አሉ አይደል እዚያ? በወር አንድ እሁድ ወጣ ብለሽ አሳ ትበያለሽ። ካፌሽንም በቀን ሦስቴ ትበያለሽ።»

«በልቼው አላውቅም። ባልወደውስ?»

«ትወጂዋለሽ! ይሄን ሁሉ ተጣልቼበት ልትጠይው ነው?»

ሴና ጻፈች። ከዚያ ከተረፈው ብር ላይ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ቆጥራ፣ መሬት ከወደቀው ነጭ ቴትሮን አንድ ቁራጭ አነሳችና ሁለቱን እናቷ ፊት መኪናው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘጠነኛ ኪስ። ለሃምሳው ቀን ነው፤ የአንቺ ምሳ። አሁን ስፊው፣ እያየሁሽ።»

ሎሚ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ልጅቷ ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ አኳኋኗ የራሷው የሎሚ ነው፤ ሙግቱ እንደማያዋጣ ገባት። ጨርቁን መርፌው ሥር አስገብታ መሽከርከሪያውን ዞር አደረገችው።

«ከፋሲካ ማግስት እደውላለሁ» አለች ሴና። «በቪዲዮ። ሳህኑን ታሳዪኛለሽ።»

«አንቺም አሳሽን።»

«እኔም አሳዬን።»