ገዝቺኝ ያለችው ሴት

ጽናትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ለሆነው ሁሉ ሌላ ተጠያቂ አትፈልጉ። የትዳርና የቤተሰብ አማካሪዎችን ማሠልጠን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ክፍል በገባሁ ቁጥር ጠረጴዛ እየደበደብኩ የምለው አንድ ነገር አለ፤ «ለባለጉዳይ አትወስኑ! አፋችሁን ያዙ!» ተማሪዎቼ ዞር ስል ድምፄን እያስመሰሉ ይስቁብኛል። ጽናት ግን ትጽፋለች። ራቤል ከተማ ተወልዳ ያደገች የግሼ አገር ልጅ ናት፤ ታላቅ የተናገረውን መልሶ መጠየቅ አልለመደባትም።

ለተግባር ልምምድ ስድስት ተማሪዎች ይዤ ሞላሌ ወደምትባል የገጠር ከተማ ሄድኩ። በተዋስናት አንዲት ክፍል ሐሙስ ረፋድ ላይ ጌታነሽ የምትባል ሴት መጣች። ከባሏ ከምንይሉ ሸሽታ ወንድሟ ቤት ከገባች ወር ሆኗታል። ጽናት ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ እኔ የምዘና ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጥግ ያዝኩ።

ጌታነሽ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመ። «ሁለት ጊዜ ሽማግሌ አስታርቆ መልሶኛል» አለች። «አሁን ከተመለስኩ ይገለኛል። ራሱ ነግሮኛል፤ እሱ ደግሞ ያለውን ነው የሚያደርግ።»

ጽናት እንዳስተማርኳት ሳታቋርጥ ሰማቻት። ኮራሁባት።

«ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አለች ጌታነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኅቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ቃልሽ ይከበራል። እንዳልሄድ ገዝቺኝ።»

ጽናት ቀና ብላ አየችኝ። በፈጣሪ ስም ሰውን መከልከል፣ ግዝት፣ ለእኔ የቄስ ሥራ ነው፤ ቢበዛ ልጅ ማስፈራሪያ። ደግሞስ ለባለጉዳይ መወሰን ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይሆንም።

ጽናት ወደ ሴትዮዋ ዞረችና ቃል በቃል የእኔን ትምህርት አለቻት። «ውሳኔው የአንቺ ነው። አንቺ ራስሽ ምን ይሰማሻል?»

ጌታነሽ እጅጌዋን መልሳ ዘረጋችው። «ይሁን። እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። እኔም በሩ ሳይዘጋ «ለባለጉዳይ ከመወሰን ተቆጥባለች» ከሚለው ፊት ለፊት አምስት ከአምስት ሞላሁ።

አርብ ከሰዓት ጓደኞቿ ፊት ሳመሰግናት ጽናት አለቀሰች።

«ምን ሆነሻል? ማመስገኔ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

«እትዬ ውባየሁ፣ ሴትዮዋ እኮ ወስኑልኝ አላለችንም። ወስናለች። ሽማግሌ በማርያም ስም እግሯ ሥር ሲወድቅ ግን እምቢ ማለት አትችልም። እምቢ ካለች አገሩ ይጠየፋታል፤ ወንድሟም ያስወጣታል። 'ግዝት አለብኝ' ካለች ማንም አይነካትም፤ ሽማግሌውም ፈርቶ ይመለሳል። የለመነችን እምቢ የምትልበት አፍ ነው።»

«የነፍስ አባቷን አትለምንም ነበር?»

«ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«ራስዎን ነቀነቁብኝ» አለች።

ለጌታነሽ ወንድም እስኪመሽ ድረስ ደወልኩ፤ ስልኩ አልሠራም። ቅዳሜ በጧት ሁለታችን ወደ ቤቱ በእግር ተነሣን። መንገዱ በገብስ ማሳ መካከል ነው፤ ጉሙ ከፊታችን አያሳይም። ትንፋሽ እያጠረኝ፣ የሚለምን አንጀት ያለኝ ሳይመስለኝ የኖርኩት ሴት፣ ሽማግሌዎቹን አዘግይልኝ እያልኩ አምላኬን ለመንኩት።

አልዘገዩም። መንገድ ላይ አንዲት ወንዝ ጋ ስንደርስ ሲመለሱ አገኘናቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ አባይነህ ይመራሉ፣ ምንይሉ ይከተላል። ለይቅርታ የተሸከመው ድንጋይ አፈር አንገቱ ላይ ገና አልተራገፈም። ከኋላው ጌታነሽ ጓዟን በነጠላ ቋጥራ ትመጣለች።

ጽናት አላስፈቀደችኝም። መንገዱ መካከል ቆመችና «ጌታነሽ! በማርያም ገዝቼሻለሁ፣ እንዳትሄጂ!» አለች።

«እኔም ገዝቻለሁ!» አልኩ። እኔ፣ የቄስ ሥራ ነው ያልኩት!

አቶ አባይነህ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጆቼ፣ ግዝት እኮ ቃል ሳይሰጥ ነው። መስቀል ተሳልማ እሺ ብላለች። አሁን ብትቀር ቃል አፍራሽ ተብላ የምትኖር እሷው ናት። ቃሏ ከቀደማችሁ ወዲያ ምን ይደረጋል?»

«ይገላታል!» አልኳቸው።

«ምሏል» አሉኝ። የሚያምኑት ይመስለኛል። ምንይሉ ጎንበስ ብሎ በትሕትና እጅ ነሣኝ።

ጌታነሽ ወደ ጽናት ቀርባ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። «አይዞሽ እኅቴ፣ አታልቅሺ» አለች። «መገዘቱስ ሐሙስ ዕለት ነበር።» ከዚያ ጓዟን አስተካክላ ባሏን ተከተለች።

ጽናት መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አምስቱ ነጥብ እንዳለ ነው፤ ያዘዝኳትን አድርጋለችና አይሰረዝም። አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ነገር ልላት አፌን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ «ምን ይሰማሻል?» የሚለው ብቻ መጣልኝ።