ከግድግዳው እንጨት ወዲያ ያለችው ጎረቤት

ስሜ ደረሰ ነው። መናኸሪያ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ በሥራዬ የሚመጣብኝን ሰው ደግሞ አልወድም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሥራዬን በዓይናቸው አይተው ያጣጣሉ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ሁሉንም ተከራክሬ ረትቻለሁ። በጣታቸው ነክተው ያዋረዱኝ ግን አቶ ገብረጻድቅ ብቻ ናቸው። ማየት ለማይችል ሰው «እስቲ ይዩት!» ብሎ መጮህ እንደማያዋጣ የገባኝም ያን ጊዜ ነው።

አቶ ገብረጻድቅ መሃል ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል፤ ሱፉን ከድብልቁ በጣታቸው ይለዩ ነበር ይባላል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሐይቅ ዳር ባለው ቤታቸው የሚመላለሱት በግድግዳው ወገብ ላይ በተመታው የዋንዛ እንጨት ነው። እንጨቱ ከላይ እብጠት፣ መሃሉ ላይ ቦይ አለው። ጣታቸውን ቦዩ ውስጥ አድርገው ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ይሄዳሉ። ዱላ የሽማግሌ ነው ብለው አይዙም። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው።

ሳሎኑ በር ላይ ያለውን ሦስት ሜትር እንጨት ምስጥ በላውና ልጃቸው ሙሉጌጥ ደኅናውን ቁራጭ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ያንን ቅርጽ የሚያወጣ የመላጊያ ማሽን ቢላዋ ፈለግሁ። መናኸሪያ ያሉት ሱቆች ሦስት ዓይነት ብቻ አላቸው። መርካቶ ያለ ወዳጄን ብጠይቀው የእነዚያኑ የሦስቱን ፎቶ ላከልኝ። ስለዚህ ከአሮጌ አይሱዙ መኪና የባሌስትራ ብረት ላይ ቆርጬ ራሴ ሠራሁት። ቁራጩን ካርቶን ላይ አስደግፌ ዙሪያውን በእርሳስ ቀዳሁ፤ ብረቱን በዚያ ልክ በግራይንደር አውጥቼ በሞረድ ጨረስኩት። እንጨቱ እንደ ሳሙና ተላገ።

መትቼ፣ ቀለም ቀብቼ ስጨርስ መጋጠሚያውን እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁት።

«አባባ፣ ምሳ ደርሷል!» አለች ሙሉጌጥ።

አቶ ገብረጻድቅ ቀጥ ብለው መጡ። መጋጠሚያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸውን ወደ ኋላ መለሱ፣ እንደገና ወደ ፊት ሰደዱ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሳላውቅ ሰው ቤት ገብቻለሁ» አሉ ወደ ሳሎኑ።

«አባባ፣ የራስዎ ቤት እኮ ነው!»

«የራሴን ቤት እንጨት አውቀዋለሁ» ብለው ዞሩና ተመለሱ።

አልጋ ላይ የሚበላ በሽተኛ ነው ብለው ስለሚያምኑ መኝታ ቤት ምሳ አይቀምሱም። ለመንናቸው፣ ተቆጣን፤ ወይ ፍንክች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ረሃቡ ጠናባቸው መሰለኝ መጋጠሚያው ጋ መጥተው ግድግዳውን አንኳኩ።

«ቤቶች!»

ሙሉጌጥ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ድምጿን አቅጥና «ይግቡ፣ ይግቡ! ቤት ለእንግዳ!» አለች። ምርር ብሏት ነው እንጂ ለቀልድ አልነበረም።

ሰውዬው ገቡ። ሠላሳ ዓመት በተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ወንበሩ እንደሚመች መሰከሩ። ትናንት ለልጃቸው «ጨው የለውም» ብለው የገፉትን ወጥ ጠርገው በሉ። በማግስቱ ደግሞ ባዶ እጄን ሰው ቤት አልሄድም ብለው ልጃቸውን ሙዝ እንድትገዛ ላኳት። ሙሉጌጥ ሙዙን ገዝታ ሰጠቻቸው፤ በኮሪደሩ ዞራ ሳሎን ገባችና ከእጃቸው ተቀብላ አመሰገነች።

ሰው ሁሉ ቢስቅ እኔ አልሳቅሁም። ተሰድቤያለሁ! ሙሉጌጥ ያመጣችልኝን ናሙና ሥራ ቤት ውስጥ በቢላ ስፍቀው ጉዱ ወጣ። አሮጌው እንጨት አራት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። እኔ ከነቀለሙ ቀድቼ፣ በዚያ ልክ ልጌ፣ አምስተኛ ቀለም ጨመርኩበት። አቶ ገብረጻድቅን ያስቆማቸው የአንድ ቀለም ውፍረት ነው። ናሙናውን እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቄ፣ ያንኑ ቢላዋ እንደገና ሞርጄ ልክ አገባሁት። አዲሱን እንጨት አራቴ ቀባሁ፤ እያንዳንዱ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

በእነዚያ ሳምንታት ለመለካት እያልኩ እመላለስ ነበር። አንድ ቀን ሰውዬው ጎረቤት መስላቸው ለሙሉጌጥ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ልጄ ባንክ ትሠራ ነበር። ለእኔ ብላ ተወችው። አመሰግናለሁ ልላት አስብና፣ ስትመጣ ሻዩ ቀዝቅዟል እላታለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«ልብዎን ታውቃለች» አለች ሙሉጌጥ በቀጭኑ ድምፅ። በዓይኗ አትናገር ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ እንጨቱ ላይ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አላዘንኩላትም።

አዲሱን የመታሁ ቀን አቶ ገብረጻድቅ መጋጠሚያውን ሳያውቁት አለፉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሰውዬው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና «ሻዩ ቀዝቅዟል» አሉ። ሙሉጌጥ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

በሦስተኛው ቀን ሥራ ቤቴ መጣች።

«የተበላሸውን መልስልኝ።»

«የቱን?»

«የመጀመሪያውን። አዲሱን ከመታህ ወዲህ አንድ ደግ ቃል አልሰማሁም፤ ጎረቤቴን ብቻ ነበር የሚያጫውቷት።»

በንዴት ብዛት የመጀመሪያውን እንጨት ሰባብሬ ለማገዶ ሰጥቼው ነበር። ቢላዋው ተሞርዷል፣ ናሙናው ተፍቋል፤ የሚቀዳ ነገር አልቀረም። የጠራ ሥራዬን ነቅዬ ስህተቴን ልሥራ? በኢየሱስ ስም፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተቀብዬ አላውቅም። ግን ዓይኗን አየሁና እምቢ ማለት አቃተኝ። ከሌላ ባሌስትራ ሌላ ቢላዋ ሞረድኩ። ልክ መሥራት ይቻላል፤ በዚያው በፊቱ ልክ መሳሳት ግን አራት ቀን ፈጀብኝ፤ አራተኛው ቀን ላይ ይህ ነው ብዬ መታሁት።

አቶ ገብረጻድቅ መጡ፣ ቆሙ። ሙሉጌጥ ፊቷ በራ። ሰውዬው ግን ጣታቸውን ሲያመላልሱ ቆዩ።

«ቤቶች!» አሉ በመጨረሻ።

«ይግቡ፣ ይግቡ!» አለች በቀጭኑ ድምፅ።

«አይ፣ እርስዎ ሌላ ነዎት። የእሳቸው ቤት እንዲህ አልነበረም። እዚህ የነበሩት ሴትዮ የት ሄዱ?»

ሙሉጌጥ እኔን አየችኝ። እኔ መዶሻዬን አየሁ።

«ቤት ለቀቁ» አለች።

«ሳይሰናበቱኝ?» ግድግዳውን ተደገፉ። «ለልጄ አንድ ነገር እንዲነግሩልኝ ልለምናቸው ነበር። እኔ አልሆነልኝም።»

«እኔ እነግርልዎታለሁ።» ድምፁ ቀጭን አልነበረም፤ የራሷ ነበር።

«ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«እንግዲያው፣ እንደደከመች አባትሽ ያውቃል ብለው ይንገሩልኝ። ከዚያ በላይ ግን እንዳይሉ፤ ልጄ ሆደ ባሻ ናት፣ ታለቅሳለች።»

እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠብ ነበር።

«እሺ፣ አላለቅስም» አለቻቸው።