በ«ጊቭ አፕ» የተነሣ ሽምግልና

ጉድ በል ጎንደር! ሽማግሌ ለድንበር ተቀምጧል፣ ለደም ተቀምጧል፣ ባልና ሚስት ሊያስታርቅም ተቀምጧል። ለእንግሊዝኛ ቃል ሲቀመጥ ያየ ግን ማን አለ? ነጃት አብዱልመናን አየች። ማየት ብቻም አይደል፣ ተከሳሿ እሷው ነበረች።

ነጃት ማራኪ ሰፈር ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። ውሏ የሚታደሰው የወላጆች ኮሚቴ ሲስማማ ነው። ካልተስማማ አባቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ መቀስ ይዘው ይጠብቋታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ አቡጀዲ ስትለካ ልትኖር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያገላበጠችው ለአቡጀዲ ነው እንዴ?

ታዲያ አንድ ቀን ለሰባተኛ ክፍል ልጆች «ጊቭ አፕ» የሚለውን ግሥ አስተማረች። ትርጉሙን ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ደረደረችው፤ ማቆም፣ መተው፣ ለሌላ መልቀቅ፣ ተስፋ መቁረጥ፣ እጅ መስጠት። ከጎኑም እሱን የሚመስሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፈች። «ቤታችሁ ስትገቡ ጮክ ብላችሁ ሸምድዱ» አለቻቸው። ጮክ ብላችሁ ባትል ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ!

ከልጆቹ አንዷ ፍሬ ናት። አባቷ አቶ ሀብተሥላሴ ሆስፒታል አስተዳደር ውስጥ ይሠራሉ፤ ከረባታቸውን እሑድም የማይፈቱ ሰው ናቸው። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። እራት ላይ ቁጭ ብለው ሳለ ፍሬ ከጓዳ «እጅ መስጠት! እጅ መስጠት! እጅ መስጠት!» ስትል ሰሙ። ጉርሻው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ከች አሉ።

«ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው ወይስ እጅ እንድትሰጥ? በጎንደር ምድር! ያውም ጎረቤት እየሰማ!»

«ትርጉሙ ነው እኮ አቶ ሀብተሥላሴ» አለች ነጃት። «እኔ አላወጣሁት።»

«ታዲያ ማን አወጣው?»

«እንግሊዞች።»

«እንግዲያው እነሱ ይስጡ!»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አያበቃማ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ የነጃት ውል ታገደ፤ እንደ ደንቡም ሽማግሌ ይግባበት ተባለ። ከድብ ባሕር አያ ፊልጶስ መጡ፤ ስንት የከረመ ቂም ያበረዱ ገበሬ ናቸው። ከከተማው ደግሞ ሐጂ ዐብዱረሕማን መጡ፤ እሳቸው የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረገላቸው። ሁለቱም እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አያውቁም። የተመረጡትም ለዚሁ ነው፤ ስለማያውቁ አያዳሉም ተባለ።

«ጠቡ ከማን ጋር ነው?» አሉ አያ ፊልጶስ።

«ከቃሉ ጋር» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ቃሉ ዘመድ የለውም?»

ነጃት ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሞልቶታል፣ አያ። የሚመስሉት ብዙ ናቸው።»

«እስቲ አንድ በአንድ ጥሪያቸው።»

«ማቆም» ብላ ጀመረች።

«ማቆምስ ጥሩ ነው» አሉ ሐጂ። «ሰው ሲጋራ ያቆም የለም እንዴ?»

«የጀመረውን የሚያቆም ሰው እኔ ቤት አልተወለደም!» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«መተው።»

«እሱም ሸጋ ነው፤ ቂም ይተዋል» አሉ አያ ፊልጶስ።

«እኔ አልተውም!»

«ተስፋ መቁረጥ» ስትል ግን ሁለቱም ሽማግሌዎች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሐጂ «አስተግፊሩላህ!» አሉ። አያ ፊልጶስ አማተቡና «ምነው ልጄ! ይኼንን ለሕፃን?» አሏት። ነጃት ክው አለች። ሊያስታርቋት የመጡት ሰዎች ከከሳሿ ጎን ሲቆሙ በዓይኗ አየች።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተንሾካሾኩ፤ ተመልሰውም ፈረዱ። «ጥፋቱ የቃሉ ነው» አሉ አያ ፊልጶስ። «አጥፊ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የአባት ደንብ ነው። ቃሉ ትከሻ የለውምና ያመጣችው ትሸከምለት። ተበዳዩ ‹አውርጂ› ሲሏት ይቅር ይባባላሉ፤ ውሉም ይታደሳል።»

ከአቡጀዲ ድንጋይ ይሻላል ብላ ነጃት ከአጥሩ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሣች። በትከሻዋ አድርጋ አቶ ሀብተሥላሴ ፊት ጎንበስ አለች። «ቃሉ ስላስቀየመዎት ይቅርታ» አለች።

አቶ ሀብተሥላሴ ግን ‹አውርጂ› አላሉም። «መጀመሪያ ቃሉ ‹እጅ መስጠት› የሚል ትርጉም የለውም ትበል።»

«አለው» አለች ነጃት ከድንጋዩ ሥር።

«የለውም በይ!»

«አለው አቶ ሀብተሥላሴ! ምን ላድርግ፣ አለው!»

አይ ነጃት! «የለውም» ብትል ምን ትሆን ነበር? አንዲት ቃል ተናግራ፣ ድንጋይዋን ጥላ፣ ውሏን አሳድሳ ቤቷ አትገባም? እሷም አስባው ነበር። ምላሷ ላይ መጣ። ግን ነገ በምን ዓይኗ ሰሌዳው ፊት ትቆማለች? ተናደደች፣ አፈረችም፤ ድንጋዩ ግን ትከሻዋ ላይ ነው።

ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎች ወጥተው ከበቧቸው። ፀሐይዋ በረታች። አቶ ሀብተሥላሴም ልጃቸው እያየች ወይ ንቅንቅ ብለው ቆሙ፤ ላባቸው በከረባታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሐጂ «አላህን ይፍሩ እንጂ» አሉ። አያ ፊልጶስ «ምነው፣ ልጅቱን ሊጨርሷት ነው?» አሉ። በትምህርት ቤቱ ደጅ የሚያልፈው ሚኒባስ ሳይቀር ቆሞ ያይ ጀመር።

በመጨረሻ ድንጋዩ ከነጃት ትከሻ ሊንሸራተት ሲል አቶ ሀብተሥላሴ ዘለው በሁለት እጃቸው ያዙት። ታቅፈውት ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

«በቃ» አሉ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «በቃ፣ ይኑረው። ትርጉሙም ይኑረው፣ ውሉም ይታደስ። ይቅር ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ነጃት እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን ስታሻሽ አቶ ሀብተሥላሴ ጎንበስ አሉባት። ቁጣቸው የለም፤ የምራቸውን ነው የሚጠይቁት።

«መምህርት፣ ግን እንግዲህ… እኔ አሁን ያደረግሁት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

ወዲያው የሰባተኛ ክፍል እጅ በሙሉ ተነሣ። «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» ይላሉ። ፍሬም በእግሯ ጣቶች ቆማ እጇን ከሁሉ በላይ ዘርግታለች።

ሁሉም ያውቁታል። አጥብቃ ነው ያስተማረቻቸው። ነጃት ቀና ብላ ሰውየውን አየቻቸው፤ እጃቸው አፈር ነው፣ ከረባታቸው ተጣሟል፣ ዓይናቸው መልስ ይጠብቃል። አንጀቷን በሉት።

«እጃችሁን አውርዱ» አለች ልጆቹን። «እሱን ገና አልተማርነውም።»