በታናሽ ስም

«አንቺ ልጅ፣ ለልጇ ትንሽ ውሃ ስጫት፤ ጉሮሮዋ ደረቀ» አሉ ለለቅሶ የመጡ አንዲት አሮጊት።

ታላቋ ልጅ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቀጥ አለች። ውሃ የታዘዘላት ታናሽ እህቷ ነበረች፤ ኑሮዋ ሩቅ ሆኖ ለእናታቸው ቀብር ብቻ የደረሰችው። ሴቶች ከበዋት አንዷ ጀርባዋን ታሻለች፣ ሌላዋ እንባዋን ትጠርጋለች። ልቅሶ እንኳ ያምርባታል፣ አለች ታላቋ በሆዷ።

«እግዜር ይስጥሽ» ቀጠሉ አሮጊቷ። «ሠራተኛዋ ሟቿን እንደ እናቷ ነው የያዘቻት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እናቷን ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ በማንኪያ ስታጎርስ ዓመታት የቆጠረችው ልጅ «ልጇ ነኝ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ከትሕትና አይደለም፤ አፏን ብትከፍት የሚወጣውን ስለማታውቅ ነው። ውሃውን አምጥታ እህቷ ፊት ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ አስቀመጠችና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ከሳሎኑ ሰዎች ስለ እናቷ «እንደሷ ራሷን ዝቅ ያደረገች ማን አለ» የሚል ሹክሹክታ ይሰማታል። እናታቸው አዋላጅ ነበረች። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹን ከነእትብቱ የተቀበለችው እሷ ናት። አንድ ጊዜ የምትሠራበት ሆስፒታል አዲስ የማዋለጃ ክፍል ሲያስመርቅ የክብር እንግዳ አድርጎ ጠራት፤ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ሄደች። በሩ ላይ አንድ አስተናባሪ የጽዳት ሠራተኛ መስላው ወንበር ጎድሏልና አምጪ አላት። አመጣች። እንግዳው ሁሉ እስኪቀመጥ ስታመላልስ ቆየችና ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ አጨበጨበች። ታላቋ አጠገቧ ቆመች። ከፊት ባዶ በቀረው የእናትየዋ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ጩጬ ነበረች፤ ታናሿን ቤት ውስጥ እንዲያ ነው የሚጠሯት።

ታላቋ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ተነጫነጨች። ለምን አልነገርሽውም?

«ወንበር ጎደለ አለኝ እንጂ ማን ነሽ አላለኝም» አለች እናትየዋ እየሳቀች። «ጌታችንስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ማን አዞት ነው?»

ታላቋ አልሳቀችም። እናት ከኋላ ስትቆም አብራ የምትቆም ልጅ አለች፤ ወንበሩ ግን ሁልጊዜ የጩጬ ነው። ያን ቀን ሆዷ የገባው ነገር ሳይወጣ ከረመ።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ታናሿ ገባች። ዓይኗ አብጧል። ለአሮጊቷ ማን ማን እንደሆነ እንደነገረቻቸው፣ እሳቸውም በእፍረት ሊሞቱ እንደደረሱ አወራች። ታላቋ ዞር ሳትል ምንም አይደል አለች።

ታናሿ አልሄደችም። «እማዬ… መጨረሻ ላይ በስሜ ጠርታኝ ታውቃለች?» አለች። «በስልክ ‹የማን ልጅ ነሽ› ነበር የምትለኝ። እውነቴን ነው፣ እቀናብሻለሁ። አንቺን ብትረሳ እንኳ እጅሽን ታውቀው ነበር።»

ታላቋ ቧንቧውን ዘጋች። አንድም ቀን አልጠራችሽም ብትል ማን ያስተባብላታል? ቃሉ እንደ ከረሜላ ጣፋጭ ሆኖ ምላሷ ላይ ተቀመጠ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። እናትየዋ መርሳት ስትጀምር መጀመሪያ የጠፋባት የታላቋ ስም ነው። ገላዋን ስታጥባት፣ ፀጉሯን ስታበጥርላት «ጩጬዬ» ትላታለች። «ጩጬ አይደለሁም፣ እኔ ነኝ» ብላ አርማት ነበር። ያኔ እናትየዋ ደንግጣ የጠፋ ልጅ እንደሚፈልግ ሰው ክፍሉን በዓይኗ ታስሳለች። ከዚያ ወዲህ ማረሙን ተወች። በእህቷ ስም ስትጠራ «አቤት እማዬ» ትላለች። ይህን ትሕትና ብላ ጠርታው አታውቅም። ሽንፈት ነበር የምትለው።

«በየቀኑ ትጠራሽ ነበር» አለች በመጨረሻ።

ታናሿ ጠጋ አለቻት። «ማን አቤት ይላት ነበር?»

«እኔ።»

ታናሿ የእህቷን በሳሙና የተሰነጣጠቀ እጅ ወደ ራሷ ሳበችና በቀሚሷ ጫፍ ጣት በጣት ታደርቅላት ጀመር። ታላቋም እንደ ሕፃን ሌላኛውን እጇን ዘረጋችላት።