የየኔታ ስም ሲጠራ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ማለት ላልተነካ ሰው ቀላል ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ቄስ ገብረየስም አልረሱም።

ለሚ ኩራ፣ ከአዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ባለችው ደብር፣ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ያረፉ ካህናትና መምህራን በክርስትና ስማቸው እየተጠሩ ይታሰባሉ። ዘንድሮ ስም የመጥራቱ ተራ የደረሰው ለእሳቸው ነበር። ከሚጠሩት አንዱ የኔታ ሙሉአለም ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሯቸው መምህር። የቄሱ ታናሽ ወንድም የእዝራ ገዳይም።

አዎ፣ ገዳይ! ሌላ ምን ይባላል? እዝራ ዳዊት ሲደግም አንድ መስመር ዘለለ ብለው የኔታ በሽመል ይመቱት ጀመር። ጀርባውን፣ ክንዱን፣ በመጨረሻ ማጅራቱን። ያኔ ልጅ የነበሩት ገብረየስ የመምህሩ እግር ላይ ተጠምጥመው «በእመቤታችን!» ቢሉ ግራ ጆሯቸውን ተመቱ፤ ያ ጆሮ እስከ ዛሬ አይሰማም። እዝራ ግን አልተነሳም። ለእናቱ «ወባ ነው» ተባለ። ወባ! የኔታም ኋላ አዲስ አበባ ገብተው፣ ተከብረው፣ «ታላቁ ሊቅ» ተብለው አልጋቸው ላይ ዐረፉ።

ሰዓቱ ደረሰ። ቄስ ገብረየስ የሌሎቹን ስም ጠሩ፤ ሕዝቡም በየስሙ «ነፍሱን ይማር» አለ። የኔታ ላይ ሲደርሱ ምላሳቸው አልታዘዝ አለ።

«ገብረ ሩፋኤል!» አሉ በምትኩ፤ የእዝራ ክርስትና ስም ነው። «በየኔታ ሙሉአለም ሽመል የሞተ ሕፃን!»

ጉድ ፈላ! የየኔታ ልጅ ኃይለኪሮስ፣ ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ብረት የሚነግደው ግዙፍ ሰው፣ ከፊት ረድፍ ዘሎ መጣ። «አባቴን? በመታሰቢያው ቀን?» ከአንዱ መዘምር እጅ መቋሚያ ነጥቆ የቄሱን ግንባር ፈለጠው። ደማቸው ዐይናቸው ላይ ወረደ። ደገማቸው፤ ትከሻቸው ሲሰበር ድምፁ ለሁሉም ተሰማ። ሴቶቹ እሪ አሉ።

«ጥራ! የአባቴን ስም ጥራ፣ አለዚያ እዚሁ እጨርስሃለሁ!»

«ግደለኝ» አሉ ቄስ ገብረየስ፣ ወለሉ ላይ እንደ ወደቁ። «ከእኔ አፍ አይወጣም።»

ኃይለኪሮስ እንደገና ሲያነሳ እናቱ ወይዘሮ ሃረገወይን መቋሚያውን ከኋላ ያዙት። በየዓመቱ ለዚህ ቀን ጠላ የሚጠምቁ፣ ድፎ የሚደፉ እሳቸው ናቸው።

«እማዬ ልቀቂኝ፣ ውሸታም ነው!»

«አልዋሹም» አሉ። «ያን ልጅ አጥቤ የገነዝኩት እኔ ነኝ። የራስ ቅሉ ከኋላ ደቅቆ ነበር። አባትህ ‹ትንፍሽ ብትይ አንቺንም እደግምሻለሁ› አለኝ። ፈራሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ፈርቼ ኖርኩ።»

ኃይለኪሮስ መቋሚያውን ጥሎ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ዲያቆናቱ ቄስ ገብረየስን ደግፈው አስነሱ። «የሚፈታው እግዚአብሔር ነው፤ እኔ አልከለክልም» አሉ ወደ አፋቸው የወረደውን ደም እየተፉ። «እኔ ግን አልማርኩትምና መቅደስ ፊት አልዋሽም። ሌላ ካህን ይጥራው።»

ሌላ ቄስ ወጡ። በመጀመሪያ የእዝራን ስም ጠሩ። «ነፍሱን ይማር!» ሲባል ከሁሉ በላይ የተሰማው የወይዘሮ ሃረገወይን ድምፅ ነበር። ቀጥሎ የየኔታ ስም ተጠራ።

«ነፍሱን ይማር» አለ ሕዝቡ እንደ ልማዱ።

ቄስ ገብረየስ ደሙን ከዐይናቸው ጠርገው ወደ ወይዘሮ ሃረገወይን አዩ። ሴትዮዋ ከንፈራቸውን ገጥመው ዝም ብለው ቆመዋል።