የዱቄት ፋብሪካው ምስክር

ይህ ታሪክ ከእውነትም እውነት ነው። ሸረፈዲን ምሎበታል። በአላህ ስም እንኳ አልማለም፤ "ከጌታዬ ጋር በትንሽ ነገር ምን አጣላኝ?" ይላል። የማለው በሪዙ ነው። ያ ሪዝ ደግሞ ከመቀሌ እስከ ደሴ አቻ የለውም፤ ዝናብ ሲጥል ሁለት ሰው ያስጠልላል። እንዲህ ባለ ሪዝ የተማለበትን ነገር የሚጠራጠር ካለ ከአሁኑ ተነስቶ ይውጣ።

ሸረፈዲን ገና ጎረምሳ ሳለ ከወሎ መቀሌ መጥቶ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ መውጫ ካለው አሮጌ ዱቄት ፋብሪካ ተቀጠረ። ዛሬ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ በርበሬ ይሸጣል። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሸረፈዲን አፍ ግን አልተዘጋም።

ፋብሪካው የበዓል ደንብ ነበረው። በገና ክርስቲያኖቹ ቤታቸው ይውላሉ፣ ሙስሊሞቹ ሞተሩን ይጠብቃሉ፤ በዒድ ተራው ይገለበጣል። ታዲያ በአንድ ገና፣ ሸረፈዲን ብቻውን ሳለ፣ ያ የጣሊያን ሞተር እንደ ደነገጠ በሬ አበደ። ምድር ተንቀጠቀጠች። ገበያው ውስጥ ሰሃን ረገፈ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ማንም ሳይነካው ጮኸ። ሸረፈዲን ዘሎ የሚበረውን ቺንጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ በትከሻው ያዘና ሞተሩን ቀጥ አደረገው! ይህን ብሎ ሸሚዙን ገለብ ያደርግና ትከሻው ላይ ያለችውን ጠባሳ ያሳያል። መዝጊያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ምስክሬ ኣያ ገብረመስቀል!"

ኣያ ገብረመስቀል የሞተሩ መካኒክ ነበር። ውሸት ሲሰማ አያስችለውም፤ ለቅሶ ቤት ሟች ሲሞገስ እንኳ "ኧረ እንዲያስ አልነበረም" ብሎ የሰው ፊት ያጠቆረ ሰው ነው። ለሸረፈዲን ሲል ግን ጉሮሮውን በመጥረግ ብቻ ያልፈዋል። እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሸረፈዲን የምድሩን መንቀጥቀጥ ወደ ፋብሪካው ግቢ ይመልሳል፣ ደወሉንም ይተዋል።

ጦርነቱ ሲመጣ ኣያ ገብረመስቀል ዘመዶቹ ዘንድ፣ ወደ ተምቤን ሄደ። ስልክ ተዘጋ። የሰዉ ስልክ ሲከፈት የእሱ አልተከፈተም። ሸረፈዲን አንድ ሁለት ሰው ጠየቀ፤ ከዚያ መጠየቁን ተወ። መልሱን ፈራ። ታሪኩም ጉሮሮ የሚጠርግለት አጥቶ፣ ፍሬን እንደ በጠሰ መኪና ቁልቁል ወረደ።

በዚህ መሃል ፊዮሪ መጣች። አሮጌ ፋብሪካዎችን ፎቶ የምታነሳ ወጣት ናት። "ኣያ ሸረፈዲን፣ እዚያ ሠርተዋል አሉኝ" ብላ ከበርበሬው መካከል አስነስታ ወሰደችው።

ሞተሩ ተነቅሎ ተወስዷል። የቀረው የሲሚንቶ መቀመጫው ነው። በግድግዳው ስንጥቅ ዱቄት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ጣሪያው ላይ እርግብ ያንጎራጉራል። ሸረፈዲን በሩ ላይ ቆመና ቃል አጣ። ይህ ራሱ ፎቶ የሚያስነሳ ነገር ነበር። ጥጉ ላይ ሠራተኞች ልብስ ይሰቅሉባቸው የነበሩ ሚስማሮች አሉ። አንዷ ወደ ላይ ተቆልምማለች፤ ኣያ ገብረመስቀል ቱታው እንዳይወድቅበት በመዶሻ ያጎበጣት ናት። ከሥሯ ሸረፈዲን ይሰግድ ነበር። በሶላት ሰዓት ኣያ ገብረመስቀል ማንም ሳይጠይቀው የሞተሩን ጩኸት ዝግ ያደርግለት ነበር።

"ያቺን ሚስማር ይያዟትና ላንሳዎት" አለች ፊዮሪ።

"አልነካትም። የሰው ናት።"

"የማን?"

"የምስክሬ።" ወዲያው ሲሚንቶው ላይ ዘሎ ወጣና ደረቱን ነፋ። "ጻፊ! ሞተሩ የሦስት ፎቅ ቁመት ነበረው።"

"ኣያ፣ ቤቱ እኮ አንድ ፎቅ ነው።"

"ጎንበስ ብሎ ነዋ የሚሠራው!"

ፊዮሪ በሳቅ ካሜራዋ ተንቀጠቀጠባት። "ይህን ከፎቶው ጋር ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው?"

"ለጥፊው! እንዲያውም ቺንጋውን በጥርሱ ያዘው በይ።"

"ቅድም በትከሻዬ አላሉም?"

"በትከሻ ያልኩት ላንቺ ነው። በጥርሱ ያልኩት ለሌላ ሰው ነው።" ድምፁ ወረደ። "አንድ ሰው አለ፤ ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። የትም ቢሆን ይመጣል። በሕይወት ካለ።"

ፊዮሪ ሳቋን ዋጠች። "በጥርሱ" ብላ ጻፈች።

ከሳምንታት በኋላ ፎቶዎቹ ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በሸረፈዲን ግምት ግማሽ ትግራይ ተገኝቷል፤ ወንበሮቹ ጥቂት መሆናቸው ይህን አይለውጠውም። ፎቶ ሊያዩ የመጡ ተማሪዎች ታሪኩን ካልነገሩን ሞተን እንገኛለን አሉት። ነገራቸው። የዚያን ቀን ሰሃን የረገፈው ደሴም ጭምር ነበር። ቺንጋውን በጥርሱ ነከሰ፣ ሞተሩ ቆመ፣ ከተማው ዳነ። "ምስክሬ ኣያ ገብረመስቀል!" ብሎ ጆሮውን ወደ በሩ ጣለ።

በሩ አጠገብ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ሸረፈዲን ያችን ጉሮሮ ከሺህ ሞተር መካከል ይለያታል። ዞረ። ሰውየው ከስቷል፣ ምርኩዝ ይዟል፤ ግን እሱው ነው። ያ ሞተር ያቆመ ጉልበት ከዳውና ሸረፈዲን ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ደረቱ ላይ ለዓመታት የከረመ ኩንታል ወረደለት። ሳቁና እንባው አንድ ላይ መጣ።

"ኣያ! አለህ እንዴ?"

"አለሁ ሓወይ፣ አለሁ ወንድሜ። ታምሜ እዚያው ተምቤን፣ ዓብይ ዓዲ ከረምኩ። ስልኬም ከነቁጥርህ ጠፋ።"

"ታዲያ እንዴት አገኘኸኝ?"

"ልጄ ፎቶህንና ወሬህን፣ የሚሰቀልበትንም ካፌ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። በትከሻ ቢሆን እንደ ድሮው እችለው ነበር። በጥርስ ግን... ኧረ ተው!"

"እንግዲያው ንገራቸው!" አለ ሸረፈዲን፣ እንባውን በሪዙ ላይ እያወረደ። "ሁሉንም ንገራቸው ኣያ! አንዲት እንዳታስቀር!"

ገብረመስቀል በምርኩዙ ተደግፎ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ ለተማሪዎቹ ተናገረ።

"የዚያን ገና ሞተሩ አልዞረም፤ ናፍጣ አልነበረም። ሸረፋ የፋብሪካውን ቁልፍ ኪሱ ከቶ እኛ ቤት መጣ። የኛን ሥጋ አይበላምና፣ ራሱ አርዶ እንዲበላ ለብቻው በግ ሰጠነው። ጠባሳውም የበጉ ነው፤ ሊጥለው ሲታገል በቀንዱ ወጋው። በመጨረሻ በጉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።"