ቋጠሮ የሌለው ዳንቴል

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ማዳም ሶላንዥ ግን ሙንተሃን የናቀቻት አልመሰላትም፤ እንዲያውም የምትወዳት ይመስላት ነበር። የሚያንገበግበውም እንዲህ ያለው ንቀት ነው።

ዘመኑ የኛ ሚሌኒየም የተከበረበት ዓመት ነው። ሙንተሃ ጅቡቲ ከተማ፣ ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ባለው የማዳም ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያው ታድራለች። አገሯ ወሎ፣ አባቷ ሸማኔ። ማዳም ከሰዓት ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች። እኛ የምናውቀው የኪሮሽ ዳንቴል አይደለም። ጠንካራ ትራስ ላይ እስፒል እየተሰካ፣ ክር የተጠመጠመባቸው ቀጫጭን እንጨቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ በሌላው ላይ የሚሻገሩበት ነው። ሙንተሃ እንጨቶቹን በአባቷ የሽመና ዕቃ ስም ቀሰም አለቻቸው፤ ቀሰም ሆነው ቀሩ።

ሻይ ስታቀርብ ቆማ አየች፣ ልሞክር አለች፣ ማዳምም ደስ ብሏት ትራስና ክር ሰጠቻት። «ናሙና ሥሪ» አለቻት፤ የአሠራሩን ዓይነት ሁሉ ባንድ ጥብጣብ ላይ፣ ተራ በተራ። ከላይ እንደ ሸማ ድፍን ያለው፣ ቀጥሎ እንደ ወንፊት ክፍት ክፍት ያለው፣ ከዚያ ሸረሪት የሚባለው ጌጥ፣ መጨረሻ ላይ ቅጠሉ። ቅጠሉ አስለቅሷታል። አንዷ ክር ትንሽ ጠበቅ ካለች ወገቡ ላይ ይታነቃል።

በረኛው ጋሼ ከበበው ጫት ሲመጣ በሩ ጥላ ሥር ይቅማል። ሙንተሃ ቅሞ የሚጥለውን ገረባ እየለቀመች፣ እንጨቱን በወጥ ቤት ቢላ ልጣ፣ ዘይት ቀብታ የራሷን ቀሰሞች ሠራች። ቀልለው ክሩን አልወጥር ሲሏት ጭራቸው ላይ የባሕር ዛጎል አሰረችባቸው። በእነሱ ክፍሏ ውስጥ በዱቄት ጆንያ ክር ትለማመዳለች።

«እኔ ቅጠሉን፣ አንቺ እንጨቱን፤ ለፍየል የሚተርፍ ጠፋ እኮ» ይላታል ከበበው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለጨዋታ አልነበረም። ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ውስጥ እትዬ ጀዋሪያ የሚባሉ የሐረር ሴት የሙሽራ ልብስ ይሰፋሉ። ሙንተሃ በዕረፍት ቀኗ ሄዳ ሥራ ብትጠይቃቸው «በአፍ አይሆንም ልጄ። የምትችይውን ሁሉ ሠርተሽ አሳዪኝ፤ ካማረኝ ያ ወንበር ያንቺ ነው» አሏት። ከሰው ቤት የምትወጣበት በር ያ ጥብጣብ ነበር።

ናሙናው ባለቀ ሰሞን ማዳም አገሯ ልትገባ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። አንድ ከሰዓት ጓደኞቿን ጠርታ ሙንተሃን ከነትራሷ መሀላቸው አስቀመጠቻት።

«ናሙናውን ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ሳሎኔ ውስጥ እሰቅለዋለሁ» አለቻቸው። «ከሥሩም ‹ጅቡቲ ውስጥ ሠራተኛዬ የሠራችው› ብዬ እጽፍበታለሁ።»

«ማዳም፣ እኔ እፈልገዋለሁ» አለች ሙንተሃ።

«የኔ ቆንጆ፣ ክሩ እኮ የኔ ነው። ላንቺ ሌላ ስጦታ አለኝ።» ሴቶቹ ፈገግ አሉ።

ሙንተሃ ደሟ ፈላ። አባቷም ትዝ አላት። በአገሯ ክር የሚያመጣው ልብስ አሠሪው ነው፤ ሸማኔው የሚያመጣው እጁን ነው። አንድ ባለጠጋ «ክሩ የኔ አይደለም ወይ?» እያለ ሲንጠባረርበት፣ አባቷ የሸመነውን ጋቢ ተርትሮ ክሩን በቅርጫት አስረከበው። ሰፈሩ አበደ አለው። ከዚያ ወዲያ ግን ማንም አፉን አልከፈተበትም።

ይህ ዳንቴል ደግሞ በጠባዩ ቋጠሮ የለውም። ጫፉ እስካልተቆረጠ ድረስ የሚይዘው እስፒሉና መጠላለፉ ብቻ ነው። ማዳም ለእንግዶቿ እንዲያምር ብላ ጫፉን ሳታስቆርጥ፣ ቀሰሞቹን እንዳንጠለጠሉ ትታቸዋለች። ሙንተሃ የመጨረሻውን እስፒል ነቀለች።

እንግዶቹ ስሕተት የምታርም መሰላቸው። ያ ያስለቀሳት ቅጠል ተፈታ፤ እጇ ግን አልቆመም። ሸረሪቱ እግሩን ሰበሰበ። ማዳም «ምን እያደረግሽ ነው?» ስትል ወንፊቱ ላይ ደርሳ ነበር።

«ክርዎን እየመለስኩልዎ ነው።»

«ተይ እንጂ፣ ያ ሁሉ ልፋትሽ።»

«አዎ፣ ልፋቴ ነው» አለች ሙንተሃ። «እሱን ይዤው እሄዳለሁ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። እጇን ለመያዝ የደፈረ አልነበረም። ክሩን በማዳም ቀሰሞች ላይ ጠምጥማ ስትጨርስ ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ አዘቅዝቃ ነበር። ትራሱን ማዳም ጭን ላይ አስቀምጣ፣ ክፍሏ ገብታ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ወጣች።

ማዳም ከበረንዳ ሆና «ፈትሻት» አለች። ከበበው ፌስታሉን ከፍቶ ዛጎል የተንጠለጠለባቸውን እንጨቶች አየ።

«የኔ ገረባ ነው ማዳም» አለ ጮክ ብሎ፤ በሩንም ከፈተላት።

በማግስቱ እትዬ ጀዋሪያ «ናሙናው የታለ?» አሏት።

«ፈታሁት።»

«ታዲያ እኔ ምን ልይ?»

«ክር ይስጡኝና አጠገቤ ይቀመጡ።»

የመቀመጫ ትራስ ስባ እስፒል ሰካች። እትዬ ጀዋሪያ ገረባውን አይተው ሳቁ። ሥራው ቀናት ፈጀ፤ ማታ ማታ እዚያው ሱቁ ውስጥ ትተኛለች። ቅጠሉ ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉ።

«ወንበሩ ያንቺ ነው» አሉ። «ይኼን ደግሞ መስኮቱ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ክሩ መቼም የኔ ነው።»

ሙንተሃ ጣቷን የመጨረሻው እስፒል ላይ አሳርፋ ቀና አለች። ጫፉ ገና አልተቆረጠም።

«ይስቀሉት። ከሥሩ ግን ስሜ ይጻፍበት። ሙንተሃ ሰዒድ ተብሎ።»

እትዬ ጀዋሪያ አንዴ እስፒሉን፣ አንዴ ጣቷን አዩ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው እስክሪብቶ መፈለግ ያዙ።